ሥራችሁ ምን ይከፍላል? ምንስ ያስተርፋል?

ቀን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታና ቅዳሜ ደግሞ ወንበር እሠራለሁ፤ በእጅ፣ ያለ ሚስማር። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፦ «ታዲያ ሥራውን መቼ ነው የምትለቂው?» እንደ ምርቃት አድርጎ ነው የሚጠይቀኝ።

የመልቀቅ ሐሳብ የለኝም። ቢያንስ አሁን የለኝም። «ህልምሽን ተከተይ» የሚለኝ ሰው የቤት ኪራዬን አይከፍልልኝም። «አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» የሚለኝም እሁድ ማታ የሚይዘኝን ድብርት አይካፈለኝም። በሁለቱ መሃል ባለው መንገድ ብዙ ሰው እየሄደ ነው። ለወሬ ስለማይደምቅ ብቻ ነው የማይነገርለት።

ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ የያዝኩትን ዘዴ ነው። ወንበር የሚለውን አውጥታችሁ ሥዕል፣ ድርሰት፣ ሙዚቃ፣ ምርምር አስገቡበት፤ ያው ነው።

መጀመሪያ ሂሳብ

ስለ ህልም ለማውራት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መቀመጥ ደስ አይልም። ግን ወጪውን የማያውቅ ሰው ስለ ነፃነት የሚያወራው በግምት ነው። ሦስት ቁጥር ያስፈልጋችኋል።

አንደኛው በወር በትክክል የምታወጡት ነው። የሦስት ወር የክፍያ ዝርዝራችሁን አውጡና ደምሩ። በዓመት አንዴ የሚመጡትን አትርሱ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ጥገና፣ መነጽር። ድምራቸውን ለ12 አካፍሉና ወሩ ላይ ጨምሩት። ወሩን ብቻ ስታዩት የሚተርፍ ይመስላል። ዓመቱን ስታዩት ጉድለት ይሆናል።

ሁለተኛው ዝቅተኛው ወጪ ነው። ነገ ገቢ ቢቋረጥ የማይቀሩት ብቻ፦ ቤት፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ትራንስፖርት፣ ዕዳ፣ የእናንተን እጅ የሚጠብቅ ሰው ካለም የእሱ ድርሻ። እኔ ይህን ቁጥር በቃሌ ነው የማውቀው። የትኛውን ሥራ እምቢ ማለት እንደምችል የሚነግረኝ እሱ ነው።

ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው። ያላችሁን ቁጠባ ለዝቅተኛው ወጪ አካፍሉት። መልሱ ያለ ገቢ ስንት ወር እንደምትቆዩ ይነግራችኋል። ለደሞዝተኛ ከ3 እስከ 6 ወር የሚለው የተለመደ መለኪያ ነው። ገቢው ከፍ ዝቅ ለሚልበት ሰው 6ም ያንሳል ባይ ነኝ። መልሱ ከ1 በታች ከሆነባችሁ ህልሙን አትተዉት፤ ሥራ የመልቀቁን ወሬ ግን ለጊዜው አቁሙት። ወለዱ የከበደ ዕዳ ካለም ቅድሚያ ለእሱ።

ከሥራ ስትወጡ ምን ይተርፋችኋል?

ሥራ ስንመርጥ «ስንት ይከፍላል?» ብለን እንጠይቃለን። ተገቢ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ማንም አያስተምረንም፤ ከሥራ ስወጣ ምን ይተርፈኛል? ሰዓት ብቻ ማለቴ አይደለም። ጉልበትም፣ የሚያስብ ጭንቅላትም፣ የልብ ሰላምም። ሁለት ሥራ እኩል ከፍሎ አንዱ ሰው አድርጎ ወደ ቤት ይመልሳችኋል። ሌላው ጨምቆ ነው የሚሰዳችሁ።

አልበርት አይንስታይን ተመርቆ የማስተማር ሥራ ፈልጎ አጣ። በ1902 በስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ፣ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ጽሕፈት ቤት በመርማሪነት ተቀጠረ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ነበር ሥራው። ፊዚክስን የለወጡትን የ1905 ጽሑፎች ያወጣው እዚያው ተቀጥሮ እያለ ነው። የለቀቀውም በ1909፣ ዩኒቨርሲቲ ሲቀጥረው ነው። ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው «ያንን የመሰለ ጭንቅላት ቢሮ ውስጥ!» ብሎ ያዝናል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ሥራው የሚያልቅ ሥራ ነበር። የፈጠራ ማመልከቻውን አገላብጦ ሲጨርስ ተከትሎት ቤት የሚገባ ነገር የለም። ፊዚክሱን ደግሞ «መቼ ነው የምታስረክበው?» የሚለው አለቃ አልነበረም።

የአሌክሳንደር ቦሮዲን ነገር ተቃራኒው ነው። የታወቀ ሩሲያዊ ኬሚስትና መምህር ነበር። ሴቶች ሕክምና እንዲማሩ ከደከሙትም አንዱ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ግን በሙዚቃው ነው። በብርዱ ወቅት ሙዚቃ የሚጽፈው አሞት ማስተማር ሲያቅተው ብቻ ነበር። ስለዚህ ጓደኞቹ በጤናው ፈንታ ሕመም ይመኙልኛል ብሎ ይቀልድ ነበር። በ1869 የጀመረው ኦፔራ በ1887 ሲሞት አላለቀም። የጨረሱለት ሌሎች ናቸው።

ልብ በሉ፤ ቦሮዲንን ያጣበበው የሚጠላው ሥራ አይደለም። የሚወደው ነው። «የምወደውን ሥራ ባገኝ ሁሉም ይስተካከላል» ለሚል ሰው ይህን ነው የምነግረው። የሚወዱት ሥራ ልብንም ሰዓትንም ጠቅልሎ ይወስዳል። ለህልም የቀረበ ሥራም እንዲሁ ነው። ልብ ወለድ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ ሲጽፍ ውሎ ማታ ቃል ያልቅበታል። እኔ ከቁጥር ጋር ውዬ ማታ እንጨት ስይዝ እጄ ገና ትኩስ ነው። አለመመሳሰላቸው ጠቅሞኛል።

መለካት ከፈለጋችሁ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሁለት ነገር ጻፉ። ዛሬ ምን ያህል ተረፈኝ? ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡት። የቀረውን ምን በላው? ቁም ነገሩ ሁለተኛው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ በላተኛው ሥራው ራሱ አይደለም። ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚንጫጫ የግሩፕ መልእክት ነው፤ ወይ አንድ ነገረኛ ባልደረባ፤ ወይ ማለቂያ የሌለው ስብሰባ። መሥሪያ ቤት ሳይቀየር የሚስተካከል ነገር አይጠፋም።

እኔ ማታ የቢሮ መልእክት እንደማላይ ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ቅጭም አሉ። «አስቸኳይ ነገር ከመጣስ?»

«ይደውሉልኝ» አልኩ።

መልእክት መላክ ጣት ማንቀሳቀስ ነው። ማታ ሰው ቤት መደወል ግን ትንሽ ያሳስባል። አብዛኛው አስቸኳይ ነገር እስከ ጠዋት የሚቆይ ሆኖ ተገኘ።

ሰዓቱን ቁረጡ፣ ሥራውንም ቆራርጡ

«ጊዜ ሳገኝ» የሚባል ሰዓት የለም። ህልማችሁ ቀንና ሰዓት ያስፈልገዋል። የእኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ እንዲሁም ቅዳሜ ጠዋት ነው። ማታ የማይሆንላችሁ ንጋትን ሞክሩ። ከርዝመቱ ይልቅ አለመቀያየሩ ይበልጣል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ይለምደዋል፣ እናንተም ጭምር።

ቀጥሎ ሥራውን በዚያች ሰዓት ልክ መቆራረጥ ነው። ይህን ያስተማረኝ ኮላ ነው። የእንጨት ኮላ በደንብ እስኪይዝ ሌሊቱን ማደር አለበት፤ መቸኮል ምንም አይጠቅም። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ የማጣብቀው ሁለት እግርና አንድ ማገናኛ ብቻ ነው። ቀዳዳውን በመሮ አጸዳለሁ። የማገናኛውን ጫፍ ያለ ኮላ አስገብቼ እሞክረዋለሁ። በእጅ ግፊት ከገባ ልክ ነው። መዶሻ ከፈለገ ወፍሯል፣ ይላጋል። ላላ ብሎ ከገባ ደግሞ ሳስቷል፣ ኮላም አያድነውም። ከዚያ ኮላውን ሳሳ አድርጌ እቀባለሁ፣ እገጥመዋለሁ፣ በሞርሳ አጠብቀዋለሁ። ገፍቶ የወጣውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ማዕዘኑን በስኳድራ አያለሁ። በቃ። 40 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሌሊት እኔ ተኝቼ ኮላው ይሠራል።

እንዲህ ዓይነት ኮላ በሁሉም ሥራ አለ። ጽሑፍ አድሮ ሲያዩት ነው ግድፈቱ የሚታየው። የቀለም ሥዕል እስኪደርቅ ይጠበቃል። በአዲስ ቋንቋ ያጠኑት ቃል ቀን ቆይቶ ሲከለስ ነው የሚጸናው። ከህልማችሁ ውስጥ በራሱ የሚያድረውን ክፍል ፈልጉና ከሥራ ቀናችሁ ጋር ግጠሙት። ቀን ሙሉ ያላቸው ሰዎችም ያንን ክፍል ማፋጠን አይችሉም። ሰዓት ስለሌላችሁ ያለባችሁ ኪሳራ ከምታስቡት ያንሳል።

መጋዝና መዶሻ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ድምፅ ያለው ሥራ ለቅዳሜ ይቆያል፤ ማታ ልኬት፣ ማጣበቅ፣ መሮ መሳል ነው። እናንተም ሥራችሁን ለሁለት ክፈሉት፦ ሙሉ ጭንቅላት የሚፈልገውና ደክሟችሁም የሚሠራው። ድካም በበዛበት ማታ ሁለተኛውን አንሱ። ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ቀጣዩን እርምጃ ጻፉ። እኔ በጠመኔ እዚያው እንጨቱ ላይ ነው የምጽፈው፤ «የኋላ ግራ እግር፣ 2 ሚሊ ይላግ» ብዬ። ሐሙስ ስመለስ «የት ነበርኩ?» እያልኩ ሩብ ሰዓት አላባክንም።

ወር መዝጊያ ሲመጣ ግን ሁሉም ቀጥ ይላል። የሂሳብ ሰው የሆነ ያውቀዋል። በዚያ ሳምንት መሮ መሳል ብቻ ነው፤ 10 ደቂቃ። ለክፉ ሳምንት የምትሆን ትንሽ ድርሻ አስቀድማችሁ ወስኑ። ጭራሽ ከቆመ መመለሻው ይከብዳል።

የማን ሰዓት እየተበላ ነው?

ዊልያም ኸርሸል ሙዚቀኛ ነበር። ጀርመን ተወልዶ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ ኦርጋን እየተጫወተና ሙዚቃ እያስተማረ ይኖር ነበር። ሌሊት ሌሊት ሰማይ ያያል። የቴሌስኮፑን መስተዋት የሚያለሰልሰው ራሱ ነው። በ1781 ፕላኔቷን ዩራነስን አገኘ። የህልም ታሪክ ሲባል ከዚህ በላይ የለም።

አሁን እህቱን ተመልከቱ። ካሮላይን ዘፋኝ ነበረች፤ መድረክ ላይ የወጣች ዘፋኝ። ወንድሟ መስተዋት ሲያለሰልስ ለረጅም ሰዓት እጁን ከመስተዋቱ ላይ ማንሳት ስለማይችል የምታጎርሰው እሷ ነበረች። መጽሐፍም ታነብለታለች። ቤቱንም የምታስተዳድረው እሷ ናት። እሱ ወደ ሰማዩ ጠቅልሎ ሲዞር የእሷ ዘፈን ቀረ። በኋላ በራሷ ኮሜቶችን (ጅራታም ኮከቦችን) አገኘች። በ1787ም ከንጉሡ በዓመት 50 ፓውንድ ደሞዝ ተቆረጠላት። ጥሩ ሆነላት፤ ግን ከሰማዩና ከዘፈኑ አንዱን የመረጠላት ሌላ ሰው ነው።

የእኔንስ ሰዓት ማን ይከፍለዋል? ማክሰኞ ማታ መሮ ስይዝ ልጆቹን የሚያስጠናው ባለቤቴ ነው። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ የእሱ ናቸው። ኳስ ይጫወት፣ ይተኛ፣ አልጠይቀውም። «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» ብላችሁ አትደራደሩ። ትንሽ የምትባለው ነገር ለእናንተ ሁሌ ታንሳለች፣ ለሌላው ሁሌ ትበዛለች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚያበቃበትንና ሌላው ሰው በምትኩ የሚያገኘውን ተናገሩ። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ የሚበላው ብዙ ጊዜ እንቅልፋችሁ ነው። እሱ አይከራከራችሁም፤ ቢሮ ውስጥ ግን ይከሳችኋል።

ከአሠሪ ጋር ያለው ነገር አጭር ነው። የቅጥር ውላችሁን አንብቡ። አንዳንዱ ውል የጎን ሥራ ይከለክላል፣ አንዳንዱ አሳውቁ ይላል፣ አንዳንዱ በመሥሪያ ቤቱ ሰዓትና ዕቃ የተሠራውን ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ያደርገዋል። በቢሮ ላፕቶፕ የግል ሥራችሁን አትክፈቱ። መሸጥ ካሰባችሁ የፈቃዱንና የግብሩን ነገር ከመጀመሪያው ጠይቁ። ይህን የምለው እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ተጠራቅሞ ሲመጣ አያምርም።

ህልሙ መሸጥ አለበት?

አንዳንዱ ህልም መተዳደሪያ መሆን ይፈልጋል። አንዳንዱ ወጪውን ከሸፈነ ይበቃዋል። አንዳንዱ ደግሞ ገንዘብ ሲነካው ይበላሻል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካልወሰናችሁ ሌላ ሰው ይወስንላችኋል። «ውይ፣ ይሄን ለምን አትሸጪውም?» ይላል፤ ማበረታታቱ ነው።

ለመሸጥ ካሰባችሁ ሂሳቡን እንደ ነጋዴ ሥሩት። አንድ ወንበር 25 ሰዓት ይፈጃል እንበል። የመቁረጥና የማጣበቁ ብቻ አይደለም። እንጨት የተመረጠበት፣ ከደንበኛ ጋር በስልክ የተወራበት፣ የማድረሻውም ይቆጠራል። ከመሸጫው ላይ የእንጨቱን፣ የኮላውን፣ የማጓጓዣውን ቀንሱና የቀረውን ለ25 አካፍሉት። የህልማችሁ የሰዓት ዋጋ ይህ ነው። ደሞዛችሁንም እንዲሁ አድርጉት፤ ከግብር በኋላ እጃችሁ የሚገባውን፣ መንገዱን ጨምሮ ለሥራ በሚወጣው ሰዓት ሁሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የህልሙ ዋጋ ዝቅ ቢል ችግር የለም፤ እያወቃችሁ ይሁን እንጂ።

«ስለምወደው ነው» ብሎ አርክሶ መሸጥ ግን አልወድም። ሙያውን ያስተማሩኝን ሽማግሌ አናጢ «ጋሼ፣ ስንት ልበል?» ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ አንቺ ደሞዝ አለሽ፤ ከእኔ በታች እንዳትሸጪ» አሉኝ። ትክክል ናቸው። የእኔ መዝናኛ የእሳቸው እንጀራ ነው። የሚገርመው፣ እሳቸው ሱቁን ዘግተው የሚሮጡት አሮጌ ሬዲዮ ፈታትተው ለመጠገን ነው። ለወንበርማ ምንም ፍቅር የላቸውም።

ገዢ ሲመጣ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል። «ልክ እንደዚህ፣ ግን ነጭ ቀለም ይቀባ» ይላል። መብቱ ነው፤ ይከፍላል። ያኔ አለቃ ያለው ሥራ ሁለት ይሆንባችኋል። ኸርሸልም አላመለጠም። ንጉሡ በዓመት 200 ፓውንድ ሲቆርጥለት ከሙዚቃ ያገኝ ከነበረው ያነሰ ነበር። ስለዚህ ቴሌስኮፕ እየሠራ ይሸጥ ነበር። «ሙሉ ቀን በህልሜ ብውል» የምትሉ፣ ቀድሞ የገባበትን ሰው ፈልጋችሁ ከቀኑ ስንቱ ሥራው፣ ስንቱ ደረሰኝና ደንበኛ እንደሆነ ጠይቁት።

መልቀቅ የምትፈልጉ

ቁርጥ ካለ፣ ስሜታችሁ ረጋ ባለበት ቀን ቅድመ ሁኔታ ጻፉ። ከአለቃ ጋር በተጣላችሁበት ማታ አይሁን። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ የህልሙ ገቢ ገበያ የሚቀዘቅዝበትን ወቅት ጨምሮ ለ6 ተከታታይ ወር ዝቅተኛውን ወጪ ይሸፍን። ገቢው ከአንድ ደንበኛ ብቻ አይምጣ፤ አንድ ደንበኛ ካላችሁ አሠሪ ነው የቀየራችሁት። መጠባበቂያው አይነካ። የሕክምና መድኅን በመሥሪያ ቤት በኩል ከነበረ በራሳችሁ ስንት እንደሚያስወጣ እወቁ። ከመልቀቅ በፊት ሰዓት ማስቀነስ ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። እምቢ ቢሏችሁ የምታጡት የለም።

የመመለሻውንም መስመር በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት። «ቁጠባዬ ከ3 ወር በታች ሲወርድ ሥራ መፈለግ እጀምራለሁ» በሉ። አስቀድሞ የተጻፈ ከሆነ መመለስ ሽንፈት አይመስልም። የወረቀቱ ቀጣይ መስመር ነው።

በየ6 ወሩ ሦስቱን ቁጥሮችና የሁለት ሳምንቱን ነጥብ እንደገና ሥሩ። እኔ ባለፈው ስሠራ ትዕዛዝ መቀበል አቁሜያለሁ። ነጥቤ ዝቅ ብሎ ነበር፤ በላተኛው ነጭ ቀለም ነበር።

ሕፃን ወይ የታመመ ሰው ይዛችሁ ምንም የማይተርፋችሁ ወቅት ላይ ከሆናችሁ፣ የወጪውን ሂሳብ ብቻ ሥሩ። ሌላው ይቆይ። ግን «አንድ ቀን» ብላችሁ አትተዉት፤ ወርና ቀን ቁረጡለትና ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ ሙሉ።